የሰፈር ላይብረሪ ውስጥ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል። ከዚያ በታክሲ ትንሽ ወደ ውስጥ ስትገቡ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ማሳው ሊጀምር ሲል፣ እኔ የምሠራበት የወረዳ ቤተ መጻሕፍት አለ። ከ2010 ጀምሮ እዚያው ነኝ። የሥራ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ጎረቤቱም፣ የጎረቤት ልጁም፣ አንድ ሁለቴ የታክሲ ረዳቱም ጠይቆኛል። ጥያቄው ሁሌ አንድ ዓይነት ነውና አንድ ቦታ ልጻፈው አልኩ። የአንድ ቤት ልምድ ነው፤ ሌላ ወረዳ ሌላ አሠራር ሊኖረው ይችላል።

ሥራው ቁጭ ብሎ ማንበብ አይደል?

እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገባሁት። በመጀመሪያው ወር አንድ ልብ ወለድ ጀመርኩ። ገጽ 40 ላይ እንደቆምኩ ነው።

ከጠዋቱ 2፡30 በፊት እንገባለን። ይጠረጋል፣ ወንበር ይስተካከላል፣ ትናንት ጠረጴዛ ላይ ያደረው መጽሐፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። በር ሲከፈት ቦርሳ ትቀበላላችሁ፣ ቁጥር ትሰጣላችሁ፣ መታወቂያ ትይዛላችሁ፣ መዝገብ ታስፈርማላችሁ። ከዚያ "የ11ኛ ፊዚክስ አለ?"፣ "ቻርጀር የሚሰካበት አለ?"፣ "ሽንት ቤቱ የት ነው?" እያለ ቀኑ ይሄዳል። ሦስተኛው ጥያቄ በብዛት ከመጀመሪያው አይተናነስም።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ልመዱ። አንባቢው መጽሐፉን ራሱ እንዳይመልስ ንገሩት። ጠረጴዛው ላይ ይተወው። ሰዉ ሊያግዝ ብሎ ክፍት ያገኘው ቦታ ላይ ይሰካዋል። የተሳሳተ ቦታ የገባ መጽሐፍ ደግሞ ከጠፋ መጽሐፍ ይብሳል፤ የጠፋውን ቢያንስ አትፈልጉትም። እኔ አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሰባት ወር ፈልጌ የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሀል አገኘሁት። ያስቀመጠው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ ሳስበው፣ ትንሽም እውነት አለው።

ጠረጴዛ ላይ የቀረው መጽሐፍ ሌላም ጥቅም አለው። ማታ ስትቆጥሩት የቀኑ ሪፖርት እሱ ነው።

ዲግሪ ያስፈልጋል?

በወጣው መደብ ይወሰናል። ለባለሙያ መደብ ዲግሪ ይጠየቃል፤ አዲስ አበባና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ያስተምራሉ። ከዚያ ዝቅ ላለው የካውንተር ሥራ የቴክኒክና ሙያ ሌቭል ከሲኦሲ (ከብቃት ምዘና ማረጋገጫ) ጋር ይበቃል። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ግን የወረዳውንና የክፍለ ከተማውን ሰሌዳ በየሳምንቱ ማየት ይሻላል። የምዝገባው ቀን አጭር ነው፣ ሰሌዳው ላይ ደግሞ የሠርግ አዳራሽ ማስታወቂያ ተለጥፎበት ታገኙታላችሁ።

ለፈተናው አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ ልመዱ። እኔን በቃል ሲፈትኑኝ "ሁለት ተማሪ አንድ መጽሐፍ ቢፈልጉ ምን ታደርጊያለሽ?" አሉኝ። "አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ" አልኩ። ሳቁ። እስከ ዛሬ የማደርገው ግን እሱኑ ነው።

ደመወዙስ?

አያኮራም። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ መነሻ ደመወዝ በጥቅምት 2017 ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ በመስከረም 2018 ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። የእናንተ መነሻ በደረጃችሁ ይሰላል። ከዚያ ላይ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርበታል። ቤት ኪራይ ስትከፍሉ የቀረውን እናንተው አስሉት።

ብዙዎቻችን ሌላ ነገር እንጨምራለን። አንዷ ባልደረባዬ ቅዳሜ ማታ ድፎ ዳቦ ትጋግራለች። እኔ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ።

"ተረከቢና ፈርሚ" ብለውኛል። መጽሐፍ ቢጠፋ ከደመወዜ ይቆረጣል?

ከዚህ ሁሉ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ሥራውን የሚያበላሸውም፣ የሚያሳምረውም እዚህ ጋ ነው።

መጽሐፍ ለእኛ መጽሐፍ ነው። ለመንግሥት ግን ንብረት ነው፤ እንደ ወንበሩና እንደ ፋይል ካቢኔቱ። ሲገባ በሞዴል 19 (በገቢ ደረሰኝ) ይገባል፣ ከግምጃ ቤት ሲወጣ በሞዴል 22 (በወጪ ደረሰኝ) ይወጣል፣ ሰኔ 30 ሲደርስ ይቆጠራል። ሥራ ስትለቁ ክሊራንስ አለ። አንዳንድ ቦታ ገና ስትቀጠሩ ዋስ አምጡ ትባላላችሁ። ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚማረው ማንበብን ማበረታታት ሳይሆን መፍራትን ነው።

እኔ ስረከብ ከሁለት ሺህ በላይ መጽሐፍ ነበር። ከሼልፎቹ ጀርባ አንድ የብረት ቁም ሳጥን አለ፤ ቁልፉ በክር ታስሮ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ስከፍተው ላስቲካቸው ያልተቀደደ መዝገበ ቃላት፣ አንድ ትልቅ አትላስ፣ ሁለት የአናቶሚ መጽሐፍ። ከገቡ አራት ዓመታቸው። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ክፉ አልነበረችም። "ቢጠፋብኝስ?" ነው ያለችኝ። ተናደድኩባት።

ከዚያ ምን አደረግኩ? መዝገበ ቃላቱን አወጣሁ። አትላሱን ግን መልሼ ቆለፍኩት። ዋጋው መዝገቡ ላይ ተጽፏል፣ አይቼዋለሁ፤ የዚያን ጊዜ የወር ደመወዜን ይጠጋል። አንድ ዓመት ሙሉ ቆለፍኩት። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ካርታ አለ?" ስትለኝ "የለም" አልኳት። (ልጆች ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ሁሉ ቲቸር ነው የሚመስላቸው።) ማታ ቤቴ ገብቼ እንጀራው አልወረደልኝም። በማግሥቱ አወጣሁት። በስድስት ወር ውስጥ አንድ ገጽ በምላጭ ተቆርጦ ጠፋ። የትኛው ገጽ እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም፤ ምሥራቅ አፍሪካ።

ተቆረጠብኝ? አልተቆረጠብኝም። ምክንያቱ ወረቀት ነው። እና ይሄን ስሙኝ፦

ሳትቆጥሩ አትፈርሙ። "ልዩ ልዩ መጻሕፍት 300" የሚል መስመር ካያችሁ እያንዳንዱ ይዘርዘርልኝ በሉ። ይሳቅባችሁ። ቁጥሩ ካልገጠመ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሦስት ሰው ይፈርምበት፣ አንድ ኮፒ ቤታችሁ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ በየወሩ የተቀደደውን፣ የተቆረጠውን፣ የጠፋውን ጽፋችሁ ለኃላፊ በደብዳቤ አስገቡ፤ የገቢ ቁጥር የተመታበትን ቅጂ ያዙ። እኔን ያዳነኝ አንዲት የሚያዝያ ደብዳቤ ናት። ሰኔ ላይ ድንገት የሚሰማ ጉድለት ጥፋት ይመስላል። በየወሩ የተነገረ ጉድለት ግን የአገልግሎት እርጅና ይባላል።

በቸልተኝነት ካጠፋችሁ ግን መጠየቃችሁ አይቀርም። በር ሳይቆለፍ የሄደ ሰው ስለ አገልግሎት እርጅና ማውራት አይችልም።

ታዲያ ለምን ወደ ቤት አታውሱም?

ከላይ ያለውን አንብባችሁ ከሆነ መልሱን አግኝታችሁታል። እኛ ጋ እዚያው ማንበብ ነው፤ መታወቂያ ይያዛል፣ መጽሐፍ ይሰጣል፣ ሲመለስ መታወቂያ ይመለሳል። የተከራይ ሰፈር ነው፤ ዛሬ ያለ ሰው በወሩ ቤት ቀይሮ ሌላ ዳርቻ ይገባል፣ የት ሄደን እንፈልገዋለን? በግሌ ለልጆች መጽሐፍ ማዋስ ቢጀመር ደስ ይለኛል። ሐሳቡን ሁለቴ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ሁለቴም "ይታያል" ተብሏል።

መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ምንድን ነው? መሸምደድ አለብኝ?

ሜልቪል ዲዩይ የሚባል አሜሪካዊ እንደ ፈረንጆቹ በ1876 ያሳተመው አመዳደብ ነው። ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ቁጥር ይሰጠዋል። አትሸምድዱት፣ እግራችሁ ይይዘዋል። እኔ 510 ሒሳብ፣ 530 ፊዚክስ፣ 540 ኬሚስትሪ የት እንዳሉ መብራት ጠፍቶም አገኛቸዋለሁ። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። እሱ ሼልፍ ጋ ሁለት ሰው ከቆመ ጠጋ ብላችሁ አዳምጡ፤ ክርክር ሊጀመር ነው።

የሰውየው አመዳደብ እንከን አለው። ሃይማኖት 200 ላይ ነው። አብዛኛውን ቁጥር ክርስትና ይዞት፣ የቀረው ዓለም ሁሉ 290ዎቹ ውስጥ ታጭቋል፤ እስልምና 297 ላይ ነው። ሰፈራችን መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ስለሆነ፣ "ለምን የእኛ ጥግ ላይ ሆነ?" የሚል ጥያቄ ቀርቦልኝ ያውቃል። አሜሪካ ድረስ ሄጄ እንዳልቆረጥኩት አስረዳሁ።

ቋንቋ ላይ ግን ደስ የሚል ነገር አለ። ግዕዝ 492.81፣ ትግርኛ 492.83፣ አማርኛ 492.87። ትንሽ ወረድ ስትሉ አፋን ኦሮሞ 493.55። አንድ ሼልፍ ላይ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። የእኛ ሰፈር ልጆች አማርኛንም አፋን ኦሮሞንም ስለሚማሩ፣ እኔ ጋ በጣም የሚያረጀው የሼልፍ ጠርዝ እሱ ነው።

የሚያስቸግረው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ሥነ ጽሑፉ በሙሉ 892.87 ላይ ይከመራል። አንድ ቁጥር ላይ መቶ ምናምን መጽሐፍ። እሱን የሚለየው የደራሲው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። እዚህ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል።

ምን ጣጣ?

ፊደላችን። "ኃይሉ" የሚባል ደራሲ አለ እንበል። አንዱ በሃሌታው "ሀ" ይጽፈዋል፣ አንዱ በሐመሩ "ሐ"፣ አንዱ በብዙኃኑ "ኀ"። በፊደል ተራ ስትደረድሩ የመጀመሪያው ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ሁለተኛው ከ"ለ" ቀጥሎ፣ ሦስተኛው ከ"ቸ" በኋላ። አንድ ሰው ሦስት ቦታ። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ "የለም" ይላችኋል፤ እሱ ሦስቱ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ማን ነገረው? "ፀሐይ" ብላችሁ ፈልጉ፣ ከዚያ "ጸሀይ" ብላችሁ ፈልጉ፣ ይገባችኋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመጀመሪያው አንድ ወስናችሁ ሁሉንም በእሱ መዝግቡ። እኛ "ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ" ብለን ተስማማን፤ የመጽሐፉ ሽፋን እንዳለ ይቀራል፣ መዝገቡ ላይ ግን በእነዚህ ነው። አንድ የቆሎ ትምህርት ቤት የቀለም አባት መጥተው ይሄን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሠርፀን በእሳቱ ሰ?" አሉ። ይቅርታ ጠየቅኩ። አልቀየርኩትም።

ሌላው በአባት ስም አትመዝግቡ። የፈረንጅ መጽሐፍ በቤተሰብ ስሙ ይገባል፣ የእኛ ሰው ግን በራሱ ስም ነው የሚጠራው። ውጭ አገር ታትሞ የመጣ ሲሆን አንዳንዴ ተገልብጦ ይመጣል፤ አባትየው ደራሲ ሆነው ይገኛሉ።

ዓመተ ምሕረቱንም እዩ። ሽፋን ላይ 2016 ካለ የኛ ነው ወይስ የእነሱ? በሰባትና በስምንት ዓመት ይለያያል። ለልብ ወለድ ግድ የለም። ለኮምፒውተር መጽሐፍ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ቦታውን ሞልተውታል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተፈተነበት የመጀመሪያው ነበር። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ያ ውጤት ከተሰማ ጀምሮ ሰፈራችን ተለወጠ። ድሮ ግንቦት ላይ ነበር የሚሞላው። አሁን መስከረም ላይ ተሞልቶ ታገኙታላችሁ፤ አንዳንዱ ደግሞ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ በግል የሚፈተን ነው።

ጠዋት 1፡30 ላይ ብትመጡ በሩ ፊት ሰው አታዩም። ደብተር ነው የምታዩት። ደረጃው ላይ በመስመር የተደረደሩ ደብተሮች፣ ንፋስ እንዳይወስዳቸው እያንዳንዳቸው ላይ አንድ ድንጋይ። ባለቤቶቹ ማዶ ሻይ ቤት ናቸው። ልክ የውሃ ተራ ላይ ጀሪካን እንደሚሰለፈው። በሩን ስከፍት ማንም አይጋፋም፤ ደብተሩን አንስቶ በተራው ይገባል። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ድንጋዩን አንስቶ የሌላውን ደብተር ወደ ኋላ ወስዶ ነበር። ያ ልጅ ሳምንት ሙሉ ሰላም የሚለው ጠፋ።

ጠቡ ያለው ውስጥ ነው። ጃኬት ወንበር ላይ ጥሎ ምሳ የሚሄድ አለ። እኛ ያወጣነው ደንብ ግማሽ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ጃኬቱ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል፣ ወንበሩ ለቆመው ይሰጣል። ሳትሳሳቱ ለሁሉም እኩል አድርጉት፣ የኃላፊው ልጅ ቢሆንም። በተለይ የኃላፊው ልጅ ቢሆን።

ከ2016 ጀምሮ ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር ስለሚፈተን፣ አሁን አሁን "ማውስ መያዝ አሳዪኝ" የሚሉም ይመጣሉ። ሁለት ኮምፒውተር አለን። አንደኛው ይሠራል።

ጸጥታ ማስከበር እንዴት ነው?

ወጣቱ ቀላል ነው፤ ዓይን ዓይኑን ስታዩት ይገባዋል። የሚከብደው በዕድሜ የሚበልጣችሁ ሲሆን ነው።

አንድ ጡረተኛ አሉን። በየቀኑ 3 ሰዓት ላይ መጥተው አዲስ ዘመንን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ጨረታው ያነባሉ። በድምፅ። ለማንበብ የበቁት በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያኔ ሁሉም በኅብረት ጮክ ብሎ ነበር የሚያነበው። ተማሪዎች አጉረመረሙ። ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ፣ ልጆቹ እያጠኑ ነው።"

"እሺ ልጄ።" ሁለት ደቂቃ ዝቅ አሉ። ከዚያ ተመለሰ።

እንደገና ስሄድ ቀና ብለው፣ "ካልሰማሁት አይገባኝም እኮ" አሉኝ።

ምን ይባላል? ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር፣ ለብቻ ወንበር አደረግንላቸው። ለተማሪዎቹ አይሰማም። እኔ ደግሞ የአገሩን ዜና መዝገብ እየሞላሁ እሰማለሁ። የሐዘን ማስታወቂያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል።

የተቀደደ መጽሐፍ በስኮች ቢለጠፍ ችግር አለው?

አለው። ስኮች በሁለት ዓመቱ ቢጫ ይሆናል፣ ማጣበቂያው ይወጣና ጎረቤት ገጹን ይዞ ይቀራል። ነጭ የእንጨት ኮላ ይሻላል፤ ከሌለ በቀጭኑ የተፈላ የስንዴ ዱቄት ሙጫ። በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ወይም በቀጭን ብሩሽ በጣም ስስ አድርጋችሁ ጀርባው ላይ ቀቡ። ብዙ ከሆነ ገጾቹ ይጣበቃሉ። ከግራና ከቀኝ የፌስታል ቁራጭ አስገቡ፣ ዝጉት፣ ሁለት ወፍራም መዝገበ ቃላት ጫኑበትና ይደር። ጠዋት ፌስታሉን ስታወጡት ኮሽ ኮሽ ካለ ደርቋል። ቀስ ብላችሁ ከመሀል ክፈቱት፤ ከዳር ከጀመራችሁ ጀርባው ይሰነጠቃል።

ይሄን ሥራ አርብ ከሰዓት እሠራዋለሁ። ከሥራው ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ክረምት ላይ ምን ይጠበቃል?

ዝናብ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ሐምሌ ላይ ማን ምን እንዳለ አይሰማም፤ ጸጥታ የማስከበሩ ሥራ በራሱ ያልቃል። ሼልፉን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፣ እርጥበት ይስባል። የታችኛውን መደዳ ባዶ ተዉት፤ ጎርፍም ምስጥም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ብል ከገባ ናፍታሊን ይረዳል፣ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ እንጂ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አትበትኑ። ራስ ያዞራል። መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ መጻሕፍቱን ማናፈስ ጥሩ ነው፤ ጥላ ላይ እንጂ ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ በርበሬ አይደለም።

መብራት ሲጠፋስ?

መስኮት ዳር ያለው ያነባል፣ መሀል ያለው ስልኩን ያበራል። ጄኔሬተር የለንም።

አንድ ሰው መጽሐፉን ሙሉውን ኮፒ ላድርግ ቢለኝስ?

አይሆንም በሉት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማባዛት ይፈቀዳል፤ ሙሉ መጽሐፍ ወይም አብዛኛውን ክፍሉን ማባዛት ግን አይፈቀድም። መብቱ ደራሲው በሕይወት እያለም፣ ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ጥቂት ገጽ በስልኩ ፎቶ ቢያነሳ እኔ አልከለክልም። ገጹን በምላጭ ከሚቆርጥ ያንሳ።

አሁን ሁሉም ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ አለው። ሥራችሁ አያልቅም?

ፒዲኤፉ አላቸው። ጠረጴዛ የላቸውም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አምስት ሆነው የሚኖሩ ልጆች ናቸው፤ ቴሌቪዥኑም፣ ምድጃውም፣ አልጋውም እዚያው ነው። ወደ እኛ የሚመጡት ግማሾቹ የራሳቸውን ደብተር ይዘው ነው። መጀመሪያ ቅር ይለኝ ነበር፤ "መጽሐፍ ሳይወስድ ወንበር ያዘ" እያልኩ። አሁን ትቼዋለሁ። ወንበሩም አገልግሎት ነው። ሪፖርቱ ላይ "የአንባቢ ብዛት" የሚል መስመር አለ፣ እዚያ ውስጥ አስገባቸዋለሁ።

አብርሆት እያለ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ለምን?

አብርሆት በ2014 አራት ኪሎ ላይ የተከፈተ ትልቅ ቤት ነው፤ ሂዱና እዩት፣ ያምራል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ከ1936 ጀምሮ አለ፤ የድሮ ጋዜጣ ለሚፈልግ የምልከው እዚያ ነው። ግን ከእኛ ሰፈር አራት ኪሎ ደርሶ መልስ ስንት ታክሲ እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሰልፍ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ብቻውን አይሄድም። እኛ ጋ ግን ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ እናቱ ከሥራ እስክትመለስ፣ ቦርሳውን እኔ ጋ አስቀምጦ ተረት ያነባል። አንዳንዱ ይተኛል። የልጅ እንቅልፍ አልቀሰቅስም፣ የትልቅ ሰው ካንኮራፋ እቀሰቅሳለሁ።

ሥራ ቦታዬ ሩቅ ቢሆን ትራንስፖርት አለ?

በየመሥመሩ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያመላልሰው የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ አለ፤ በመታወቂያ ነው፣ ክፍያ የለውም። ጠዋት ካመለጣችሁ ግን አመለጣችሁ። ከመሀል ከተማ ወደ ዳር የምትሠሩ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ሰዉ ሁሉ ወደ ውስጥ ሲጎርፍ እናንተ ባዶ ታክሲ ላይ ወደ ውጭ ትሄዳላችሁ።

መጽሐፍ መለገስ እፈልጋለሁ። ምን ላምጣ?

እግዜር ይስጥልን። ግን ጋራዥ ስታጸዱ የተረፈውን አታምጡልን። በ1980ዎቹ የታተመ የኮምፒውተር መማሪያ ሦስት ካርቶን አለን፣ ማንም አልነካውም፤ ንብረት ስለሆነ ደግሞ መጣል አንችልም፣ የማስወገድ ሒደቱ ከማስገባቱ ይረዝማል። ስለዚህ ከማምጣታችሁ በፊት ደውላችሁ ወይም ብቅ ብላችሁ ጠይቁ። ስጦታም በሞዴል 19 ነው የሚገባው፣ ዝርዝሩን ጽፋችሁ ብትመጡ ግማሽ ቀን ታድኑኛላችሁ።

የሚፈለገው ይሄ ነው። የልጆች ተረት፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መማሪያዎች፣ በተለይ የ9ኛና የ10ኛ፤ ሁሉም የ12ኛን ነው የሚያመጣው። የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ እሱ ሁሌ ያንሳል። እና አትላስ። አትላስ ካላችሁ ግን ከማምጣታችሁ በፊት ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ምሥራቅ አፍሪካ መኖሩን እዩልኝ።